ምዕራፍ 7፦ ከዓሣው በፊት የሚገቡት

በምዕራፍ 5 እና 6 ያየናቸው ጨው አልባ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ዓሦች ቻዮች ናቸው። ወርቃማው ዓሣ ብርዱንም ሙቀቱንም ይችላል። ቆሮሶ ክረምት ሲገባ በሚደፈርስ ሐይቅ ውስጥ ኖሮ ይራባል። በባሕር ኮራል መካከል የሚኖር ዓሣ ግን የለመደው ኑሮ ሌላ ነው። ከምጽዋ ባሻገር፣ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ፣ ባለሁለት ቀበቶ የሚባል ክላውን ዓሣ ይኖራል፤ ሰውነቱ ብርቱካናማ ሲሆን ሁለት ነጭ መስመር አለው። ይህ ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወጣው ቆሻሻ ገና ሳይርቀው ባሕሩ ውጦ ያጠፋለታል። መቶ ሊትር በሚይዝ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ስናኖረው የምንነፍገው ያንን ስፋት ነው።

ታዲያ የባሕርን ስፋት በምን እንተካዋለን? በዓይን በማይታዩ ሕያዋን ነው። የመጀመሪያ የባሕር አኳሪየሙን የሚያቋቁም ሰው ከዓሣው በፊት የሚያረባው ባክቴሪያ ነው። መስታወቱም፣ ፓምፑም፣ አሸዋውም ከሁሉ አስቀድመው የእነርሱ ማደሪያ ናቸው። በእኔ እምነት ይህ አንድ ሐሳብ በደንብ ከገባን፣ በዚህ ሙያ ውስጥ የሚነገረው ሌላው መመሪያ ሁሉ ምክንያቱ ግልጽ ይሆንልናል።

ጥርት ያለው ውሃ

አዲስ የተሞላ የባሕር አኳሪየም እንደ መጀመሪያው ቀኑ የሚያምርበት ጊዜ የለም። አሸዋው ነጭ ነው፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ማሞቂያው 25 ዲግሪ ያሳያል። ስለዚህ ብዙ ጀማሪ በማግስቱ ዓሣ ይገዛል። ዓሣው በመጀመሪያው ቀን ይበላል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ወደ ውሃው ገጽ ይጠጋል፣ ምግብ ይተዋል፤ ከዚያም ይሞታል። ባለቤቱ በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳል። ዓሣውን የገደለው ግን ከራሱ ሰውነት የወጣ ነገር ነው።

ዓሣ የሚበላው ምግብ በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ ፕሮቲን ደግሞ ናይትሮጅን አለው። ሰውነቱ ከሚያስፈልገው የተረፈውን ናይትሮጅን አሞኒያ አድርጎ ያስወጣዋል፤ የሚያስወጣውም በአብዛኛው በሚተነፍስበት አካሉ በኩል ነው። ስለዚህ ዓሣው ባይበላም እንኳ እስከተነፈሰ ድረስ አሞኒያ ያወጣል። የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም አሞኒያ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ቀለም የለውም፤ ውሃው እንደጠራ ይቆያል።

የባሕሩ አኳሪየም ከወርቃማው ዓሣ ቤት የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አሞኒያ በውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ለዓሣ ብዙም የማይጎዳ፣ ሌላው መርዛማ ነው። በየትኛው መልክ እንደሚበዛ የሚወስነው በዋናነት ፒኤች ነው። በምዕራፍ 3 እንዳየነው ፒኤች የውሃን ኮምጣጣነት የሚለካ ቁጥር ነው፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ ውሃው ይኮመጥጣል፣ ሲወጣ ኮምጣጣነቱን ያጣል። በፒኤች 7 ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የባሕር ውሃ ፒኤች ግን 8.2 አካባቢ ነው፤ በዚያ ላይ መርዛማው ከመቶ ከ5 በላይ ይሆናል። ያው መጠን አሞኒያ በባሕር ውሃ ውስጥ አሥር እጥፍ ገደማ ይከፋል ማለት ነው።

እርሾው

እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ሁሉ የዚህን ችግር መፍትሔ በሌላ መልኩ ያውቀዋል። የጤፍ ዱቄት በውሃ ተቦክቶ ብቻውን ቢቀመጥ በፍጥነት አይነሣም። ካለፈው ቡኮ የተቀመጠው እርሾ ሲገባበት ግን በሁለትና በሦስት ቀን ይቦካል። በእርሾው ውስጥ ያሉት ደቂቅ ሕያዋን አዲሱን ዱቄት ምግብ አድርገው ይበዙበታል። እርሾ ያለቀባት እመቤት ጎረቤቷን ትጠይቃለች። ጎረቤትም ባይኖራት ዱቄቱን አቡክታ መታገሥ ትችላለች፤ በዱቄቱም በዕቃውም ላይ ጥቂት ሕያዋን አይጠፉምና ቆይቶ ይነሣል።

አዲስ የተሞላ አኳሪየም እርሾ ያልገባበት ቡኮ ነው። የጎደሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው ወገን አሞኒያን ይመገብና ናይትራይት የሚባል ሌላ ጎጂ ነገር ያደርገዋል። ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ወደሚባል፣ ዓሣ በአነስተኛ መጠን ሊችለው ወደሚችል ነገር ይለውጠዋል። ሁለቱ ተከታትለው ሲሠሩ ከዓሣው የወጣው መርዝ በየሰዓቱ ይጠፋል። ዓሣውም ያንን ያጣውን ስፋት መልሶ ያገኛል።

የአኳሪየሙ እርሾ በሦስት መንገድ ይገኛል። አንደኛው ከባሕር ወይም ከቆየ አኳሪየም የመጣ፣ ባክቴሪያው ያደረበት ድንጋይ ነው፤ ባለሙያዎች ሕያው ድንጋይ ይሉታል። ሁለተኛው ጤነኛ የባሕር አኳሪየም ካለው ሰው የሚለመን፣ ያገለገለ የማጣሪያ ስፖንጅ ወይም አንድ እፍኝ አሸዋ ነው። ሦስተኛው በጠርሙስ የሚሸጠው የባክቴሪያ ፈሳሽ ነው፤ ሲገዙት ለባሕር ውሃ የተዘጋጀ መሆኑን፣ ጊዜው አለማለፉንና በፀሐይ አለመጋለጡን ያረጋግጡ። ምንም ባይገኝም መጠበቅ ይቻላል። ጥቂቶቹ ከአየርና ከዕቃ ላይ መምጣታቸው አይቀርም፤ የሚረዝመው ጊዜው ብቻ ነው።

ይህ ምሳሌ ግን በሁለት ቦታ ይለያል፤ ልዩነቱንም መርሳት ብዙ ዓሣ ያስከፍላል። የመጀመሪያው ልዩነት ፍጥነቱ ነው። ብዙ የታወቁ ባክቴሪያዎች ጥሩ ምግብ ሲያገኙ በሰዓት ውስጥ እጥፍ ይሆናሉ፤ አሞኒያ በሎቹ ግን ለአንድ እጥፍ ግማሽ ቀን፣ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። አሞኒያ ጉልበቱ አነስተኛ የሆነ ምግብ ነው፤ ሰውነታቸውንም በውሃ ከሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መገንባት አለባቸው። ስለዚህ የእኛ ቡኮ በቀናት አይነሣም፣ ሳምንታት ይወስዳል።

ሁለተኛው ልዩነት የሚኖሩበት ቦታ ነው። የእንጀራው እርሾ በፈሳሹ ውስጥ ነው። የእኛዎቹ ግን በአብዛኛው ድንጋይ፣ አሸዋና ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። ከጓደኛ አኳሪየም አንድ ባልዲ አሮጌ ውሃ ማምጣት ብዙ ሰው የሚሞክረው ነገር ነው፤ ከውሃው ጋር የሚመጣው ባክቴሪያ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ያንን ባልዲ ተሸክሞ ከመምጣት አንድ ጡጫ የምታህል ድንጋይ መለመን ይሻላል።

አሸዋና ክሎሮፎርም

አሞኒያን የመለወጡ ሥራ የሕያዋን መሆኑ የታወቀው ለዓሣ ተብሎ አይደለም፤ ለእርሻ አፈርና ለቆሻሻ ፍሳሽ ነው። በ1877 እ.ኤ.አ. ቴዎፊል ሽሎዚንግና አሺል ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በእሳት የተቃጠለ አሸዋ ከጥቂት የኖራ ድንጋይ ጋር ቱቦ ውስጥ ሞልተው የከተማ ፍሳሽ ቀስ ብሎ እንዲያልፍበት አደረጉ። ለሃያ ቀን ያህል የገባው አሞኒያ ሳይለወጥ ወጣ። ከዚያ በኋላ ናይትሬት መታየት ጀመረ። ያኔ በቱቦው ውስጥ ማደንዘዣ የሆነውን የክሎሮፎርም ትነት አሳለፉ፤ ለውጡ ቆመ። ክሎሮፎርሙን ካስወጡት በኋላም አልተመለሰም። አፈር የታጠበበት ጥቂት ውሃ ሲጨምሩበት ግን ሥራው እንደገና ጀመረ።

ይህን ሙከራ ደጋግሜ ባስበው አልሰለችም። ኬሚካል ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሃያ ቀን ባልጠበቀ ነበር፤ ማደንዘዣም ባላስቆመው ነበር። አንድ ጀማሪ በአኳሪየሙ ውስጥ የሚያየው ነገር ሁሉ፣ መዘግየቱ፣ በመርዝ መቆሙ፣ በእርሾ መነሣቱ፣ በዚያ ቱቦ ውስጥ አለ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አለ። የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን በ1850 እ.ኤ.አ. ዓሣን፣ የውሃ ተክልንና ቀንድ አውጣን በአንድ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አመጣጥኖ ማኖር እንደሚቻል ያሳየ ሰው ነው። ዓሣን በቤት የማኖር ሙያ ሳይንሳዊ መልክ የያዘው በእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው። በስሙ የሚጠራው ልጁ ደግሞ በእንግሊዝ የሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ፣ የአሞኒያው ለውጥ በሁለት ደረጃ፣ በሁለት የተለያዩ ሕያዋን እንደሚከናወን ያመለከተ ነው። በአባቱ የመስታወት ዕቃ ውስጥም እነዚሁ ሕያዋን ሲሠሩ እንደነበር አልጠራጠርም፤ አባትየው ግን ምስጋናውን የሰጠው ለሚታዩት ለተክሉና ለቀንድ አውጣው ነበር።

ነገሩ አላበቃም። በ2005 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በአሜሪካ ከሲያትል የሕዝብ አኳሪየም ጠጠር ላይ አሞኒያን የሚመገብ፣ ባክቴሪያ ያልሆነ፣ አርኬያ ከሚባለው ጥንታዊ የሕያዋን ወገን የሆነ ደቂቅ ፍጥረት ለይተው አወጡ። ዘመዶቹ ዛሬ በውቅያኖስ ውስጥ እጅግ ብዙ ሆነው ይገኛሉ። የዓሣ ቤት ጠጠር የውቅያኖስን ምስጢር አውጥቶ ሰጠ ማለት ነው።

የአፋር ጨው ለምን አይበቃም

እነዚህ ሕያዋን የሚሠሩበት ውሃ የባሕር ጨው ይፈልጋል፤ አገራችንም የራሷ የባሕር ጨው አላት። የዳናክል ዝቅተኛ ቦታ በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር እየገባበት የደረቀ ነውና አሞሌ የሚቆረጥበት ጨው በእርግጥ ከባሕር የመጣ ነው። ታዲያ እርሱን በውሃ ብናሟሟው ባሕሩ አይመለስም? አይመለስም። ባሕር ሲደርቅ በውስጡ ያለው ሁሉ አንድ ላይ አይረጋም። በመጀመሪያ እንደ ጂፕሰም ያሉ ካልሲየም ያለባቸው ይወርዳሉ። ቀጥሎ ለወጥ የምንጠቀምበት ጨው ይረጋል። ማግኒዥየምና ፖታሲየም እስከ መጨረሻው በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ይቆያሉ። እያንዳንዱ በየራሱ ንብርብር ይቀመጣል፤ ዳሎል ላይ ፖታሽ ለብቻው የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ከጨው ንብርብሩ የተቆረጠ አሞሌ ካልሲየሙም ማግኒዥየሙም ጎድሎታል።

ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን የባሕር ጨው ቅልቅል መግዛት ግድ ነው። የባሕር ውሃ በኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ለመቶ ሊትር ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ቅልቅል ያስፈልጋል። ውሃው ክሎሪን የሌለበት፣ በጥሩ ማጣሪያ ያለፈ ወይም ተንኖ የተጣራ መሆን አለበት፤ ክሎሪን በቧንቧ የሚገባው ባክቴሪያ እንዲገድል ነውና የእኛዎቹንም አይምርም። ጨዉን በሌላ ዕቃ አሟሙቶ፣ በፓምፕ አንድ ቀን አንቀሳቅሶ፣ ጨዋማነቱን ለክቶ ማስገባት ነው። ከዚያ በኋላ ውሃ ሲተን ጨው እንደማይተን ማስታወስ ይገባል። ከመቶ ሊትር 5 ሊትር ቢተን 35 የነበረው ወደ 37 ይጠጋል። የተነነው የሚተካው ጨው በሌለው ውሃ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከመቶ ሊትር ባያንስ እመክራለሁ፤ ትንሽ ዕቃ ርካሽ ቢመስልም ስሕተትን አይችልም። ድንጋዩ ቀዳዳ የበዛበት ቢሆን ይመረጣል፤ ባክቴሪያው የሚያድረው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው። በኢንዶኔዥያ ሊ ቺን ኤንግ የተባለ ሰው በ1961 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ፣ ከባሕር የመጣ ሕያው ድንጋይና የአየር አረፋ ብቻ ተጠቅሞ የባሕር ዓሦችን ማኖሩን አስረድቷል። የዛሬው ጥሩ አኳሪየም በመሠረቱ የእርሱን መንገድ ነው የሚከተለው።

ያለ ዓሣ የሚያልፉት ሳምንታት

ድንጋዩና አሸዋው ገብቷል፣ ውሃው 25 ዲግሪ ነው፣ ፓምፑ ይዞራል፣ እርሾውም ተጨምሯል። አሁን ባክቴሪያው ምግብ ይፈልጋል። ዓሣ የለምና ምግቡን እኛ እንሰጣለን። አሞኒየም ክሎራይድ የሚባለውን ጨው በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ እስኪያሳይ ድረስ መጨመር ጥሩው መንገድ ነው። ካልተገኘ ትንሽ ጥሬ ሽሪምፕ በወንፊት ጨርቅ አስሮ ማንጠልጠል ይቻላል፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ያወጣል። በሊትር ከ5 ሚሊግራም ማለፍ ግን ባክቴሪያውን ራሱን ያዘገየዋል።

የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የናይትሬት መለኪያ ሦስቱም ያስፈልጋሉ። በየሁለት ቀኑ ለክቶ በደብተር መጻፍ ነው። በመጀመሪያ የሚታየው አሞኒያ ብቻ ነው። ቆይቶ አሞኒያው መውረድ፣ ናይትራይቱ መውጣት ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ወገን ሥራ ገብቷል። ከዚያ ረጅሙ ጊዜ ይመጣል። ናይትራይት ከፍ ብሎ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆማል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ውሃውን የሚደፋው እዚህ ላይ ነው፤ ነገሩ ግን በትክክል እየሄደ ነው። ሁለተኛው ወገን ምግቡ ናይትራይት ስለሆነ የመጀመሪያው እስኪያዘጋጅለት ድረስ መብዛት አልቻለም፤ ዘግይቶ የጀመረው ለዚህ ነው። አንድ ቀን ናይትራይቱ ይወርዳል፣ ናይትሬቱ ወጥቶ ይታያል። ጠቅላላው አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ ጥሩ እርሾ ያገኘ ሰው ቶሎ ይጨርሳል።

አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ማሳየታቸው ብቻውን ግን አይበቃም። ምግቡ አልቆም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንደገና በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ ይጨመርና በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይለካል። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ቡኮው ተነሥቷል። በእነዚህ ሳምንታት የተጠራቀመው ናይትሬት ብዙ ስለሆነ፣ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ውሃ በአዲስ የጨው ውሃ መተካት ያስፈልጋል።

የአዲስ አበባ አየር

ለባሕር ጠረፍ ከተሞች የተጻፉ መመሪያዎች የማያነሡት አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ የሚይዘው 5 ሚሊግራም አካባቢ ነው።

ይህ የዓሣውን ትንፋሽ ብቻ የሚነካ ይመስላል፤ ባክቴሪያውንም ይነካል። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ ከ4 ግራም በላይ ኦክስጅን ይጠፋል። እስቲ እናስላው። በመቶ ሊትር ውሃ ውስጥ በአንድ ጊዜ ያለው ኦክስጅን ጠቅላላ ግማሽ ግራም ነው። ከላይ ለፈተና የጨመርነው አሞኒያ 0.2 ግራም ነው፤ እርሱን ብቻ ለመለወጥ ከ0.7 ግራም በላይ ኦክስጅን ይፈለጋል። ውሃው በራሱ ከያዘው ይበልጣል። ልዩነቱ ከአየር እየገባ ካልተተካ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ በደጋ ከተሞች የፓምፑ አፍ ወደ ውሃው ገጽ እንዲያቀና፣ ገጹም ሳያቋርጥ እንዲናወጥ ማድረግ ከሁሉ በላይ የማተኩርበት ነገር ነው። በመስታወት ክዳን ግጥም አድርጎ መዝጋትም አይመከርም።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውም ከዚሁ ይታወቃል። ፓምፑ ሲቆም ኦክስጅኑ መውረድ ይጀምራል። ከሁሉ ቀድሞ የሚታፈነው በተዘጋ የማጣሪያ ዕቃ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ዋጋው ከአንድ ዓሣ ብዙም አይበልጥም፤ ለእኛ ከተሞች እንደ ማሞቂያው አስፈላጊ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። መብራቱ ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ሲመጣ በተዘጋው ማጣሪያ ውስጥ የቆየውን ውሃ ወደ አኳሪየሙ ሳይመልሱ መድፋት ይገባል።

የመጀመሪያው ዓሣ

ባክቴሪያው የሚበዛው በሚያገኘው ምግብ ልክ ነው። ለሁለት ትናንሽ ዓሦች የሚበቃ ሕዝብ ለስምንት ዓሦች አይበቃም፤ ስምንቱ በአንድ ቀን ቢገቡ አሞኒያው እንደገና ይወጣል። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ዓሣ ብቻ ይገባል። ለመጀመሪያ የምመርጠው በሰው እጅ የተራባ፣ ባለሦስት ነጭ መስመሩን ክላውን ዓሣ ጥንድ ነው። የቀዘቀዘ ምግብም ደረቅ ምግብም ይበላል፣ በትንሽ ቦታ ይረካል፣ ከባሕር የተያዘ ስላልሆነም የዱሩን አይቀንስም። ክላውን ዓሦች ለመራባት ሲደርሱ በመጀመሪያ ሁሉም ወንድ ናቸው፤ ከጥንዱ ትልቁ በኋላ ሴት ይሆናል። ሁለት የተለያየ መጠን ያላቸውን ትናንሾች መግዛት የሚመከረው ለዚህ ነው። በባሕር ውስጥ የሚጠለሉበት አኔሞን የሚባለው ፍጥረት ለመኖር የግድ አያስፈልጋቸውም፤ እርሱ ራሱ ጠንካራ ብርሃንና የቆየ አኳሪየም የሚፈልግ ስለሆነ ለጀማሪ አይሆንም።

የተገዛውን ዓሣ በሌላ ዕቃ ቢያንስ ለአራት ሳምንት ለይቶ ማቆየት ያዋጣል። የባሕር ዓሦችን የሚያጠቃው ነጭ ነጥብ የሚባል በሽታ ዋናው አኳሪየም ውስጥ ከገባ በኋላ ማጥፋቱ ከባድ ነው። ለእርሱ የሚሰጠው የመዳብ መድኃኒት ቀንድ አውጣና ኮራል ይገድላል፤ አንዳንድ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችም ያረባናቸውን ሊጎዱ ይችላሉ። ሕክምና የሚደረገው ለብቻው በሆነ ዕቃ ውስጥ ነው።

ዓሣው ዋናው ቤት ከገባ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት አሞኒያና ናይትራይት በየቀኑ ይለካሉ። ምግብ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ያህል ብቻ ይሰጣል። የማጣሪያው ስፖንጅ ሲቆሽሽ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ይደረጋል እንጂ በቧንቧ ውሃ አይታጠብም። ናይትሬቱን ደግሞ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ ውሃ በመለወጥ ዝቅ እናደርገዋለን። ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሁለቱ መለኪያዎች ዜሮ ላይ ከቆዩ ሌላ ዓሣ ማሰብ ይቻላል። በዚህ ጊዜ ጠባይም ይታሰባል፦ ቀድሞ የገባ ዓሣ ቦታውን ይይዝና እንግዳውን ያባርራል። ስለዚህ ጎቢ የሚባለውን ትንሽና ዓይናፋር ዓሣ ከክላውኖቹ ጋር ማኖር የሚያስብ ሰው ጎቢውን ከእነርሱ ያስቀድም፤ ዳምሰል የሚባለው ጠበኛ ዓሣ ደግሞ ምንም ርካሽ ቢሆን በትንሽ አኳሪየም ውስጥ ወይ በመጨረሻ ይግባ ወይ ጨርሶ ይቅር።